ሁለት ስስ ቁራጭ የገብስ ዳቦ

አሁን ካፌ ገብቼ ሳንድዊች ካዘዝኩ መናደዴ አይቀርም። የሚመጣልኝ ጫን ሲሉት ድራሹ የሚጠፋ ነጭ ዳቦ ነው፤ መሐሉ ለምልክት ያህል የተቀባ እንቁላል፣ ከጎኑ ዘይቱ በወጉ ያልተንጠፈጠፈ ድንች ጥብስ። በልቼ ስነሳ ሆዴ ይነፋል እንጂ አልጠግብም። ልጆቼ "እማዬ ደግሞ ጀመረች" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኛ ቤት ሳንድዊች የመዝናኛ ምግብ አልነበረም። እናቴ አባቴን ከሞት ለማስጣል በእጇ የያዘችው ነገር ቢኖር እሱ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንኖረው ሆሳዕና ነበር። አባቴ የሌሞ ሐዲያ ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራል። እናቴ የዳምቦያ ከምባታ ናት፤ እሷም አስተማሪ ናት፤ ከተማው ውስጥ ለሴት ተማሪዎች የቤት አያያዝ ታስተምራለች። ሁለቱ እርስ በርስ አማርኛ ያወሩ ስለነበር እኛም ልጆቹ አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ነው። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከተዘጋ ቆይቶ ነበርና እሁድ እሁድ መስኮት ዘግተን ድምፃችንን ቀንሰን ቤት ውስጥ እንዘምራለን። ይኸው ነው ኑሯችን፤ ከጎረቤት የተለየ ነገር አልነበረውም።

ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ በምናገኝበት በዚያ ጊዜ አባቴን የስኳር በሽታ ያዘው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ሲሰሙ "መምህር፣ ከየት አግኝተው ነው ይህን ያህል የበሉት? ለኛም ይጠቁሙን እንጂ" አሉት። አባቴም አብሯቸው ሳቀ። ቀልዱ ከተማውን አዳረሰ፤ በሽታው የሀብታም ነው ይባል ስለነበር አባቴን በሽሙጥ "ሀብታሙ" የሚሉትም ነበሩ።

ከመሳቃችን በፊት ግን ብዙ ፈርተን ነበር። አባቴ ውሃ አልበቃው አለ። ጆግ ሙሉ ውሃ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ወዲያው ባዶ ይሆናል። ክፍል ውስጥ እያስተማረ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ይሮጣል። ልብሱ ሰፋው። እናቴ አንድ ቀን ከጓሮ አጥር ሥር፣ እሱ ሽንት በሚሸናበት ቦታ ላይ፣ ጉንዳን ተሰልፎ አየች። ቆማ አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ ከክፍል አስወጥታ ሆስፒታል ወሰደችው።

ሐኪሙ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ኪኒን ሰጠውና ስለ ምግብ ረጅም ምክር መከረው። ማር፣ ብርዝ፣ ስኳር፣ ነጭ ዳቦ ይቅርበት፤ ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ገብስ ይብላ፤ በአንዴ ብዙ አይብላ፣ ግን አይራብ። እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ "ቆጮስ?" አለችው። ሐኪሙ ትንሽ አሰበና በጣም ትንሽ፣ ቡላ ግን ጭራሽ እንዳይነካ አለ። ለእኛ አገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የታመመ፣ የወለደች፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሁሉ የሚድነው በቡላ ገንፎ ነው፤ ከዚያ በላይ መድኃኒት አናውቅም። አባቴ ከሆስፒታሉ ሲወጣ "ታዲያ ምን ልበላ ነው?" ብሎ ጠየቃት። እናቴ መንገዱን ሙሉ ስታስብ ቆይታ ቤት ደጃፍ ስትደርስ "ሳንድዊች" አለችው።

ሳንድዊችን እናቴ የምታውቀው መምህራን ማሠልጠኛ ሳለች ከተማረችበት መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ ላይ በሥዕል የነበረው ሳንድዊች ውስጥ ያሉት ነገሮች በዓይናችን አይተናቸው የማናውቃቸው ናቸው። እሷም ለተማሪዎቿ ስታስተምር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ትሥልና "ይሄ ዳቦው ነው፣ ዳቦው ዕቃ ነው፤ ምግቡ መሐል ያለው ነው" ትላቸው ነበር። ይህን አባባሏን እስካሁን የያዙ ሴቶች መንገድ ላይ ያስቆሙኛል።

ነገሩ እንደ ሰሌዳው ቀላል አልሆነላትም። መጀመሪያ የጋገረችው የገብስ ዳቦ ቢላዋ ሲነካው ፈረሰ። ቀጥሎ የጎመኑ ውሃ ዳቦውን አበስብሶት አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቦርሳው ውስጥ የነበሩት የተማሪ ደብተሮች አረንጓዴ ሆነው ተገኙ። አባቴ "ልጆቹን ምን ብዬ ልመልስላቸው? ጎመን በላው ልበል?" አለ። እሷ አልሳቀችም። ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሞከረች፤ እስኪሳካላትም አልተወችውም።

እንዴት እንደምትሠራው ልናገር፤ እኔም እስከ ዛሬ የምሠራው እንደዚያው ነውና። የገብስ ዱቄት ላይ ጥቂት የስንዴና እፍኝ የባቄላ ዱቄት ትጨምርና ታቦካለች፤ ዳቦውን የሚያያይዘው ባቄላው ነው። በኮባ ጠቅልላ በዝግታ ታበስለዋለች። ዛሬ የተጋገረውን ዛሬ አትቆርጠውም፤ አድሮ ሲረጋ ስስ አድርጋ ትቆርጠዋለች። ጎመኑን በደቃቁ ከትፋ ብዙ ሳታበስል ታወጣውና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ትጨምቀዋለች። አይቡንም ውሃው ጠፍፎ እስኪያልቅ ታንጠለጥለዋለች። ከዚያ ሁለቱንም ቁራጭ በአይብ ትቀባለች፤ አይቡ ካለ ዳቦው አይርስም። በአይቡ ላይ ተልጦ የተደቆሰ የባቄላ ንፍሮ በነጭ ሽንኩርት፣ በላዩ ጎመኑ፣ በላዩ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ከተገኘ ቲማቲም፣ ቆንጠር ተደርጎ ሚጥሚጣ። ተጭኖ ትንሽ ይቆይና በለጋ ኮባ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሲፈታ የኮባው ሽታ ብቻውን አፍ ውሃ ያስሞላል።

አባቴ መጀመሪያ ሲያየው "ይሄ የት ይደርሳል?" ብሎ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ማታ ሲመጣ እንደ ቀድሞው ድስት መክፈት ተወ። ጠግቦ ይውላል። ውሃው ቀነሰለት፤ ጠዋት የተቀዳው ጆግ እስከ ማታ ውሃ ይዞ ይቆያል። ጭጋግ የሸፈነው ዓይኑ ተገለጠና የተማሪዎቹን ደብተር ያለ ችግር ማረም ጀመረ። እናቴ በየቀኑ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የአባቴን ፊት አልነበረም፣ ጆጉን ነበር። ጆጉ ውስጥ ውሃ ካለ ትዘፍናለች፤ ማለቴ በአፏ ውስጥ መዝሙር ታንጎራጉራለች።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰለትም፤ ሥጋው። እንደከሳ ቀረ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሳ። በእኛ አገር ደግሞ ባል ሚስቱን የሚያስመሰግናት ወይም የሚያሰድባት በገላው ነው። ባሏ የከሳ ሴት ብትምል ብትገዘት ማንም አያምናትም። ገበያ ላይ፣ ውሃ መቅጃ ላይ፣ የቀበሌ ወረፋ ላይ ወሬው ይነሳል፤ ሰውየው አስተማሪ፣ ሚስቲቱ አስተማሪ፣ ደመወዝ እጥፍ፣ ሰውየው ግን በረሃብ ሊሞት ነው። እናቴ ይህን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ማታ ግን ጎመኑን ስትጨምቅ ጨርቁን የምትጠመዝዘው ሌላ ነገር የምታንቅ ያህል ነበር።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ የምትኖረው ሌሞ ገጠር ነው። በየገበያው ቀን በጋሪ ትመጣለች። ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም፤ ቅቤ፣ አይብ፣ በደንብ የተፋቀ ቆጮ ይዛ ትመጣለች። ለሳንድዊቹ የሚሆነውም አይብ የሷ ነበር። አያቴ የሞተችው አባቴ ጡት ሳይተው ነው፤ ያሳደገችው እህቱ ናት። ያኔ እሷም ራሷ ልጅ ነበረች። ቆጮውን በአፏ አላምጣ እያጎረሰች አሳደገችው ይባላል። አባቴ ስለ እናቱ ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ እህቱ ነበር።

አክስቴና እናቴ ሰላም ሲሆኑ እሷ በሐዲይኛ፣ እናቴ በከምባትኛ ያወራሉ፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉና ይግባባሉ፣ ሳቃቸውም ከቤት ይወጣል። ሲጣሉ ግን ሁለቱም ወደ አማርኛ ይዞራሉ። አማርኛ ከሰማን እኛ ልጆች ወደ ጓሮ እንወጣለን።

አንድ የገበያ ቀን አክስቴ ስትመጣ አባቴ ሳንድዊቹን እየበላ ነበር። ቆማ አየችው። እናቴ "እትዬ፣ ይቀመጡ፣ ይቅመሱ" ብላ በሳህን አቀረበችላት። አክስቴ ሳህኑን ተቀበለችና ገለጥ አድርጋ መሐሉን አየች፤ ጎመን፣ ባቄላ። ቅቤ የለውም። ሳትቀምስ ለእኔ አቀበለችኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ ሴትና ወንድ በሚደባለቅበት በራሷ አማርኛ፣ "ይሄ ምግብ አይደለም" አለች። "እኔ ይሄን ልጅ በአፌ አላምጬ ነው ያሳደግኩት። አንተ ሁለት ቅጠል ዳቦ መሐል ከተህ ትሰጪዋለሽ?"

እናቴ በሽታውን ለማስረዳት ሞከረች። ሐኪሙ ያለውን፣ የጆጉን ነገር፣ የጉንዳኑን ነገር ሁሉ ነገረቻት። አክስቴ አልሰማቻትም። ዓይኗ ወንድሟ አንገት ላይ ነበር፣ የአንገቱ አጥንት ላይ። እንባዋ ወረደ። ክፋት አልነበረባትም፤ ይህን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ። በሕይወቴ እንደሷ ሰው የሚወድ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ የላከችው። ሽማግሌዎቹ ጭቃ የነካው ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገቡ፤ የአባቴ ወገኖች ናቸው። በክብር ተቀበልናቸው። ያሉት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ በአገራችን ወግ ሰው ሲደክም ወደ ወገኑ ሄዶ ይበረታል። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ እህቱ ጋ ይክረም፤ ታበላው፣ ታጠንክረው። ሚስቱን የሚከስ የለም። አንደኛው ሽማግሌ ነገሩን ለማቅለል ፈልገው ፍቅርና ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም አሉና ሁሉም ሳቁ።

እናቴ ቆማ ነበር። "ባሌን አላስራብኩትም" አለች። "የምሰጠው ያጠግበዋል። እሱን ጠይቁት።"

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። እኔም ዞርኩ። አባቴ እናቴን አየ፣ ከዚያ እህቱን አየ። አክስቴ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አባቴ አንገቱን ደፋና "ክረምቱን እህቴ ጋ ልሁን" አለ። እናቴ ለሽማግሌዎቹ የመጣውን ምግብ አነሳሳችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

እሷም ክረምቱን አብራው ሄዳ እንዳትጠብቀው መምህራን ሁሉ ለመሠረተ ትምህርት ተመድበው ነበር፤ አባቴ በሕመሙ ቀረለት፣ ሌላው ግን ያለ ፈቃድ ከከተማ መውጣት አይችልም። ማድረግ የምትችለውን አደረገች። የገብስና የባቄላ ዱቄት ለየብቻ አሠረች፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሆን ዳቦ ጋገረች፤ ኪኒኑን ጠቀለለች። አክስቴን ማድ ቤት አስገብታ ከመቁረጡ እስከ መጠቅለሉ አሳየቻት። አክስቴ "እሺ፣ እሺ" እያለች ታያለች፤ ግን አይቡ ዳቦው ላይ ሲቀባ ፊቷ ወደ በሩ ነበር። ጋሪው ሊነሳ ሲል እናቴ ወደ አባቴ ተጠጋችና ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ "ውሃ ውሃ ካለህ ቶሎ ና" አለችው። ባለጋሪው ፈረሱን ነካው፤ ጭቃውን እየረጩ ወረዱ።

ክረምቱን ሙሉ ከሌሞ የሚመጣው ወሬ የምሥራች ነበር። መምህሩ ጉንጩ ሞልቷል። መምህሩ ይስቃል። በግ ታረደለት። አክስቴ የቡላ ገንፎ በቅቤ ሠርታ እዚያው ተቀምጣ ታጎርሰዋለች፤ ብርዝ በቅል ሞልታ ትሰጠዋለች፤ መንደሩም ተራ ገብቶ ይጋብዘዋል። ጎረቤቶቻችን እናቴን እንኳን ደስ ያለሽ ይሏታል፤ ውስጡ ግን ስድብ ነው፤ አየሽ፣ ሲያበሉት እንዲህ ይሆናል ማለታቸው ነው። እናቴ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ማታ ስንጸልይ ግን ስሙን ደጋግማ ትጠራ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ተመለሰ። እውነትም ጉንጩ ሞልቶ ነበር፤ ሮጠን ተጠመጠምንበት፤ እኔም ከበሽታው የዳነ መሰለኝ። ደስታዬን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ተቀመጠና የጠየቀው የመጀመሪያው ነገር ውሃ ነው። ሰጠሁት። ደገመ። እናቴ እስክትመጣ ጆጉ ባዶ ሆኖ ነበር። ከሥራ ስትገባ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ያየችው ጆጉን ነው፤ ሰላምም ሳትለው በቁሟ ቀረች።

ቦርሳውን ከፈተችው። ከታች፣ ከልብሱ ሥር፣ ከኮባው እንኳ ያልተፈታ ዳቦ ነበር፤ ኮባው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ዳቦው ድንጋይ ሆኗል፣ ጠርዙ ሻግቷል። የዱቄቱም ቋጠሮ እንደታሠረ ነው። እናቴ ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም። "ለምን?" ብቻ አለች።

"እጇን እንዴት ልመልሰው?" አለ አባቴ። "አንቺ ንገሪኝ፤ በዚያ እጅ ነው ያደግኩት። ወደ አፌ ስታመጣው እንዴት አልበላም ልበላት?"

እናቴ ዳቦውን ከጉልበቷ ላይ አንስታ መሬት አስቀመጠችው። ሰው የሚወደውን ሰው እጅ መመለስ ከሞት ይከብደዋል ብዬ ማመን አልፈልግም፤ አባቴ ላይ ግን ያየሁት ይህንኑ ነው።

በዚያው ቀን እግሩን ስታጥብ ተረከዙ ላይ ቁስል አገኘች። በጭቃ ሲመላለስ ቦቲው የላጠው ነው። እሱ መኖሩንም አላወቀም፤ አያመኝም አለ። እናቴን ያስፈራት አለማመሙ ነበር። በማግሥቱ ገብስ አቦካች፤ ጎመን ጨመቀች፤ ሁሉም እንደ ድሮው ሆነ። አባቴም እየታዘዘ በላ። ውሃው እንደገና ቀነሰለት፤ ቁስሉ ግን አልቀነሰም። ጠቆረ፤ ሸተተ። ሆስፒታሉ ወደ አዲስ አበባ መራው።

የሄዱት ሁለቱ ናቸው። እናቴ ሳይነጋ ተነሥታ ሳንድዊች ሠርታ በኮባ ጠቀለለች። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ለምሳ ሲቆም ሰው ሁሉ ወደ ምግብ ቤት ሲገባ እነሱ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። አባቴ ሁሉንም ጨረሰው። ኮባውን አጥፎ እጇ ላይ አስቀመጠላትና "ይሄ ያጠግባል እኮ" አላት። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ስትነግረኝም ኮባውን አሁንም የያዘች ይመስል እጇን ጨብጣ ነበር።

እግሩን ቆረጡት። ከዚያም ብዙ አልቆየም። እናቴ አስከሬኑን ይዛ በጭነት መኪና ተመለሰች።

ለቅሶው ላይ አክስቴ ፊቷን ቧጨረች፤ መሬት ላይ ተንከባለለች። ለቀስተኛው ፊት፣ በአማርኛ፣ እናቴ እንድትሰማት ብላ፣ "አጥግቤ ሰድጄው ነበር፤ ጉንጩን ሞልቼ ሰድጄው ነበር፤ ምን አደረጋችሁት?" አለች። ብዙዎቹ እናቴን ማየት ፈሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚል ሰው አልጠፋም፤ ስለ ማን እንደተባለ ግን ሁሉም እንደየልቡ ነው የሰማው። እናቴ መልስ አልሰጠችም። መልስ ብትሰጥ ኖሮ ዛሬም ድረስ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ እንደሷ አይደለሁም፤ እኔ ብሆን እናገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሪው በራችን ላይ መቆሙን ተወ። የአክስቴ አይብና ቅቤ ቀረ። ገበያ ላይ ሲገናኙ እናቴ ሰላም ትላለች፤ አክስቴ ወደ ሌላ ታያለች። እናቴም የገብስ ዳቦ መጋገር አቆመች። የምንበላው ከዳቦ ቤት በወረፋ የምንገዛው ነጭ ዳቦ ሆነ፣ ያውም ደረቁን በሻይ። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ሳንድዊች የሚያወራው ትምህርት ሲደርስ መጽሐፉ ላይ ያለውን አንብባ ታልፈዋለች አሉ፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር መሣል ቀረ።

ዓመታት አለፉ። አክስቴን ከነመንደሯ ወደ አዲሱ የመንደር ምሥረታ ቦታ አዛወሯት፤ እንሰቷ በድሮው ጓሮ ቀረ። ይህንንም በሰው በሰው ሰማን። እኔ ትምህርት ጨርሼ ቤት ውስጥ ሥራ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ደርግም ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን አሮጊት በራችን ላይ ቆመች። መጀመሪያ አላወቅኳትም። በአንድ እጇ ከዘራ፣ በሌላው ትንሽ የውሃ ጀሪካን ይዛለች። አክስቴ ናት። ከደፍ አልፋ አልገባችም፤ እዚያው ተቀመጠችና ውሃ ስጡኝ አለች። ጀሪካኗ ባዶ ነበር። ሰጠኋት፤ ጠጥታ ብርጭቆውን እንደያዘች እንደገና ዘረጋችልኝ። ከኋላዬ እናቴ ቆማ ታይ ነበር። ሌላ ልቀዳ ስዞር ፊቷን አየሁት። የአባቴ ጥም መሆኑን አወቀች።

"እትዬ፣ ይግቡ" አለቻት። በማግሥቱ ይዛት ሆስፒታል ሄደች። ስትመለስ የያዘችው ኪኒን እኔ የማውቀው ኪኒን ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ገብስ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልነበረንም። ሮጬ ከጎረቤት አመጣሁ። ዳቦው ተጋግሮ አደረ፤ አክስቴም እኛ ጋ አደረች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሲገላበጡ ሰማኋቸው።

በሚቀጥለው ቀን ምሳ ሲደርስ እናቴ ሳንድዊቹን በሳህን አድርጋ አክስቴ ፊት አስቀመጠችው። አክስቴ በሁለት እጇ አነሣችው። እንደ ድሮው ገልጣ መሐሉን አላየችም። ጎረሰች። ጥርሷ ጥቂት ስለቀረ ለረጅም ጊዜ አላመጠች። ዋጠች። ደግማ ጎረሰች። እኔ ግድግዳው አጠገብ ቆሜ ሳልንቀሳቀስ እጠብቅ ነበር፤ ምን እንደምጠብቅ ግን አላውቅም።

"ይሄን ነበር የሚበላው?" አለች በመጨረሻ፤ በአማርኛ።

"ይሄን ነበር" አለች እናቴ።

አክስቴ እጇ ላይ የቀረውን አየችው። "ይሄ እኮ ምግብ ነው" አለች።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ለነገ የሚሆነውን ዳቦ መቁረጥ ጀመረች። ቁራጩ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ድሮው ስስ አድርጋ መቁረጥ አልቻለችም፤ የምቆርጠው እኔ ሆንኩ።